ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነቃ ዋይፋዩና ታችፓዱ ከጠፉ ካርዱ ተቃጥሏል ማለት ነው?

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነው። ኮፒ ቤት ያላት እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «ከስምንት ወር በፊት ዩዝድ ላፕቶፕ ገዛሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን እዘጋዋለሁ። ስከፍተው ስክሪኑ ወዲያው ይበራል፤ የጻፍኩትም እንዳለ ነው። ዋይፋዩ ግን የለም፤ ታችፓዱም አይንቀሳቀስም። ሪስታርት ሳደርገው ሁለቱም ይመለሳሉ። ማታ ሻት ዳውን አድርጌው ባድርም አንዳንዴ ጠዋት ያው ነው። አንድ ጠጋኝ ‹ዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ማዘርቦርዱም እየሄደ ነው› አለኝ። ላስቀይረው ወይስ ሌላ ልግዛ?»

አብሽሪ እህቴ፤ ለጊዜው ምንም አትግዢ፣ ምንም አታስቀይሪ። የተቃጠለ ካርድ ሪስታርት ስለተደረገ አይነሳም። ሞቶ ቢሆን ጠዋትም ማታም ሙት ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ተኝቶ ሲነቃ ብቻ የሚጠፋ ዕቃ ችግሩ አነቃቁ ላይ ነው።

ሳታስቢው የነገርሽኝ ሌላ ትልቅ ፍንጭ ደግሞ አለ። የሚጠፉት ሁለት ዕቃዎች ናቸው፤ የሚጠፉትም አብረው ነው። ዋይፋይ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው መስመር ነው። ታችፓዱ ግን በቅርብ ዓመታት በተሠሩት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ አይቱሲ በሚባል ሌላ ቀጭን መስመር ነው የሚመጣው። መንገዳቸው ለየብቻ ነው፤ የሚገናኙት ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን መስመሮች የሚያስተባብረው ቺፕሴቱ ላይ ነው። ያንቺም የጎረቤትሽም ቤት በአንድ ደቂቃ መብራት ቢጠፋ የሁለታችሁን ቆጣሪ እየከፈትሽ አትፈትሺም፤ ወጥተሽ ምሰሶው ላይ ያለውን የጋራ መስመር ነው የምታዪው። እኔም የመጀመሪያ ጥርጣሬዬ ካርዱም ታችፓዱም ላይ አይደለም፤ ቺፕሴቱን የሚያዘው ድራይቨር ላይ፣ ቀጥሎ ባዮሱ ላይ ነው። ድራይቨር ማለት ዊንዶውስ አንድን ዕቃ የሚያዝበት ፕሮግራም ነው፤ ባዮስ ደግሞ ከዊንዶውስ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ነው።

ዩዝድ መሆኑ ጥርጣሬዬን ያጠነክረዋል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ማሽን ከመሸጡ በፊት ዲስኩ ይጸዳና ከፍላሽ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበታል። ዊንዶውስ ለአብዛኛው ዕቃ የሚሆን የራሱ አጠቃላይ ድራይቨር ስላለው ድምፁ ወጣ፣ ዋይፋዩ ያዘ፣ ቪዲዮ ተጫወተ፣ ተሸጠ። ክዳኑን ዘግቶ ሩብ ሰዓት ጠብቆ ከፍቶ የሚፈትን ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። ገዢም እንደዚያው፤ ስክሪኑን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ዋጋ ይጠይቃል።

ክዳኑን ስትዘጊ ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ፤ ይህን ካወቅሽ ቀሪው ይቀልልሻል። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ድራይቨር «ዕቃህን አስተኛ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፤ ዲስኩ ይጠፋል፤ ዋይፋይ ካርዱ ይጠፋል። ኃይል የማይቋረጥበት ራሙ ነው፤ የጻፍሽው ማመልከቻ እዚያ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። ስትከፍቺው ወዲያው የሚመጣልሽም ለዚህ ነው። ይህ ነባሩ የእንቅልፍ ዓይነት ኤስ 3 ይባላል።

ካርዱ ግን ሲነቃ ምንም አያስታውስም። ኃይል ስለተቋረጠበት በውስጡ ሲሠራ የነበረው ፈርምዌር፣ ማለትም የካርዱ የራሱ ፕሮግራም፣ ጠፍቷል፤ ድራይቨሩ እንደ አዲስ ሊጭንለት ይገባል። ችግር የሚፈጠረው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው። የፒሲአይ ኤክስፕረስ ደንብ ሪሴት የተደረገ ዕቃ ጥያቄ ከመቀበሉ በፊት ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ እንዲሰጠው ያዛል። ድራይቨሩ ከቸኮለ፣ ወይም ባዮሱ መስመሩን በጊዜው ካልከፈተ፣ ጥያቄው መላሽ ያጣል። መልስ ከማይሰጥ ዕቃ የሚነበበው ደግሞ ዜሮ አይደለም፤ ሁሉም ቢት አንድ ሆኖ ነው የሚመጣው። ድራይቨሩ ያንን አይቶ «ዕቃው የለም» ብሎ ይደመድማል፤ ብዙ ጊዜም እስክታስነሺው ድረስ ደግሞ አይጠይቅም። ካርዱ ግን ከአፍታ በኋላ ነቅቶ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።

አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ኤስ 3 የለም፤ በምትኩ ሞደርን ስታንድባይ የሚባለው አለ። በዚህኛው ኮምፒውተሩ እንደ ስልክ ስክሪኑን አጥፍቶ በዝቅተኛ ኃይል ያንቀላፋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። በቦርሳ ውስጥ ግሎ የሚገኝ ላፕቶፕ አይተሽ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ያንቺ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ክፈቺ። በስልክ እንደምነግርሽ ልንገርሽ፦ ፓወር የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ሳትለያዪ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ የሚሉትን ፊደሎች ጨምሪ፤ አንድ ክፍት ቦታ፤ ከዚያ ስላሽና ኤ። ኢንተር ስትመቺ ማሽኑ የሚያውቃቸውን የእንቅልፍ ዓይነቶች ይዘረዝርልሻል። ኤስ 3 ከሚገኙት ውስጥ ካለ ነባሩ ነው፤ ኤስ 0 ካለ አዲሱ ነው። ጻፊና ያዢው።

አሁን ጠጋኙን ወዳሳሳተው ነገር እንምጣ፤ «ሻት ዳውን አድርጌው ባድርም ያው ነው» ያልሽው። እውነትሽን ነው፤ ግን አጥፍተሽው አላደረም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትዪው የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ይዘጋና የዊንዶውሱን አስኳል ከነድራይቨሮቹ ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ጠዋት ስታበሪው ያንኑ ነው የሚያነበው። ማታ የተደናገረ ድራይቨር ጠዋትም እንደተደናገረ ይነሳል። ሪስታርት ግን ሁሉንም ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ በዚህ ዘመን ሪስታርት ከሻት ዳውን የበለጠ ያጸዳል፤ ለብዙ ሰው ይህ ተገላቢጦሽ ይመስለዋል። እውነተኛ ማጥፋት ስትፈልጊ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ተጭነሽ ሻት ዳውንን ንኪ። ምርመራው እስኪያልቅ ግን ፋስት ስታርትአፕን ጭራሹን አንሺው፦ ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ የማብሪያ ቁልፉ ምን እንዲሠራ የሚመረጥበት ገጽ፤ እዚያ ምልክቱን ታነሺለታለሽ።

ምርመራውን ከመጀመርሽ በፊት የዩኤስቢ ማውስ አዘጋጂ፤ ታችፓዱ ሲጠፋ ያለ ማውስ ትቸገሪያለሽ። ደብተርና እስክሪብቶም አጠገብሽ ይሁን። ከዚያ ክዳኑን ዝጊ፣ ክፈቺ፤ ችግሩ ሲመጣ ሪስታርት ለማድረግ አትቸኩዪ። ሁሉም ሰው ሪስታርት ያደርግና ማስረጃውን አብሮ ያጠፋዋል። በተበላሸበት ሁኔታ ላይ እያለ የማሽኑን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቺና ዋይፋይ ካርዱን ፈልጊው። የምታዪው ከሦስቱ አንዱ ነው።

ስሙ አለ፤ ግን ቢጫ ምልክት ተለጥፎበታል። ሁለቴ ስትጫኚው ኮድ 10 ወይም ኮድ 43 ይልሻል። መስመሩ ዕቃውን አይቶታል፤ ያቃተው ድራይቨሩን ማስጀመር ነው። በስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ዲሴብል፣ ትንሽ ጠብቀሽ ኢኔብል በዪው። ከተመለሰ ጥፋተኛው ድራይቨሩ ነው፤ ጉዳዩ እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ስሙ ጭራሹን ከዝርዝሩ ጠፍቷል። ቪው ከሚለው ላይ የተደበቁትን አሳይ ስትዪው ደብዝዞ ይወጣል፤ ኮዱ 45 ነው። ይህኛው ከበድ ይላል። ዊንዶውስ ድራይቨር ሊጭንለት ይቅርና መኖሩንም አላየም። እንግዲህ የሚጠየቀው ወይ ኃይሉን ያልመለሰው ባዮስ ነው፣ ወይ ቺፕሴቱ ነው፣ ወይ ካርዱ ሶኬቱ ውስጥ በደንብ አልተቀመጠም።

ሦስተኛው ሁሉንም ሰው ግራ የሚያጋባው ነው፦ ስሙ አለ፣ ቢጫ የለም፣ «በትክክል እየሠራ ነው» ይላል፤ አይሠራም። የካርዱ ፈርምዌር ደርቆ ቀርቷል፤ ድራይቨሩም አላወቀም። እንዲህ ያለው አንዳንዴ ሪስታርትም አይፈታውም፤ ሪስታርት ሲደረግ የካርዱ ኃይል ላይቋረጥ ይችላልና። ቻርጀሩን ነቅለሽ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጥተሽ፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነሽ ስትይዢው ብቻ ይነቃል። ታችፓድና ኪቦርድ ሲደርቁም ይኸው ይሠራል፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እንኳ ነቅቶ የሚጠብቀውን ትንሿን መቆጣጠሪያ ቺፕ ኃይል ስለሚያሳጣት ነው።

ከዚያው ሳትወጪ ኢቨንት ቪወር የሚባለውን፣ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ ክፈቺና ሲስተም የሚለውን መዝገብ ተመልከቺ። ነባሩ እንቅልፍ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ከርነል ፓወር በሚል ምንጭ 42 ቁጥር ይጻፋል፤ ሲነቃ ፓወር ትራብልሹተር በሚል ምንጭ 1 ቁጥር ይጻፋል። አዲሱ ከሆነ መተኛቱን በ506፣ መንቃቱን በ507 ታገኚዋለሽ። ከነቃ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የተመዘገበ ቀይ ወይም ቢጫ መስመር ካለ የከሳሹንም የተከሳሹንም ስም የያዘው እሱ ነው። 41 ቁጥር ካየሽ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ ማሽኑ በአግባቡ ሳይዘጋ ኃይል ተቋርጦበታል። መብራት ሲጠፋ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ተኝቶ ሳለ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ስትከፍቺው ከአምራቹ አርማ ይጀምራል፤ ያላስቀመጥሽው ጽሑፍም የለም። ያንቺ ጽሑፍ እንዳለ ስለሚጠብቅሽ ከዚህ ነፃ ነሽ።

ወደ ጥገናው። ላፕቶፑን ገልብጪና ከሥሩ ያለውን የሞዴል ቁጥር በትክክል ጻፊ፤ የስሙ ግማሽ አይበቃም፤ በአንድ ስም ሥር ብዙ ዓይነት ማሽን ይወጣል። ከአምራቹ ገጽ በዚያ ሞዴል ሥር መጀመሪያ የቺፕሴቱን ድራይቨር አውርጂ። ቀጥሎ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ፣ ሲሪያል አይኦ የሚባለውን፤ ታችፓዱ የሚመጣበትን የአይቱሲ መስመር የሚያዘው እሱ ነው። ዋይፋዩ መጨረሻ ይሁን። አንዱን ጫኚ፣ ሪስታርት አድርጊ፣ ፈትኚ፣ ውጤቱን ጻፊ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ጭነሽ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አታውቂም፤ በወሩ ዊንዶውስ አንዱን በራሱ ሲቀይርብሽ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ። ሁሉንም ድራይቨር ባንድ ጠቅታ እጭናለሁ የሚሉትን ፕሮግራሞች እኔ አልወዳቸውም፤ ይህን በሽታ ካመጡት ውስጥ እነሱም አሉበት።

ፈተናው ደግሞ አንዴ ከፍቶ መዝጋት አይደለም። ለግማሽ ደቂቃ አስተኝተሽ አንቂው፤ ይህን አሥር ጊዜ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት አስተኚው። ከዚያ ሌሊቱን። ቻርጀር ላይ ሆኖ አንዴ፣ በባትሪ አንዴ። አጭሩን አልፎ ረጅሙ ላይ የሚወድቅ ማሽን ብዙ ነው።

ድራይቨሩ ተስተካክሎ አሁንም ከጠፋ ዲቫይስ ማናጀር ላይ የካርዱን ፕሮፐርቲስ ክፈቺና ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ሥር ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት አንሺ። ሞደርን ስታንድባይ ያላቸው ብዙ ማሽኖች ላይ ይህ ቦታ የለም፤ ካጣሽው አትደነቂ። ይህን ምልክት አንስቶ «ተጠገነ» ብሎ ሒሳብ የሚቀበል አለ። ማስታገሻ ነው፤ ካስታገሰልሽም ተጠቀሚበት፤ ስሙን ግን እንወቀው።

ባዮስ ማደስ ብዙ ጊዜ ይህን ዓይነቱን ችግር ከሥሩ ይፈታዋል፤ ኃይሉን የሚመልሰው እሱ ነውና። ግን እጅሽ ይጠንቀቅ። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ቢጠፋና ባትሪው ባይዝ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ላይነሳ ይችላል። ያኔ ነው ማዘርቦርድ «የሄደው»። ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ፣ ደመና በሌለበትና መብራት በማይዋልልበት ሰዓት ካልሆነ አትንኪው። ባትሪሽ ሰዓት የማይቆይ ከሆነ ሰው ዘንድ ውሰጂው።

ዕቃው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልሽም። ደሴ ላይ ሱቄ ድረስ የመጣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። «ዋይፋዬ ከእንቅልፍ ሲነቃ ይጠፋል» አለኝ፣ ልክ እንዳንቺ። አሥር ጊዜ አስተኝቼ አነቃሁት፤ አሥሩንም ጊዜ ሠራ። ሌሊቱን አስተኝቼው አደርኩ፤ ጠዋት የለም። ድራይቨር ቀየርኩ፤ ያው። በሦስተኛው ቀን ከስንፍናም ይሁን ከብልሃት ሳላስተኛው ሺፍት ይዤ አጥፍቼው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ሲበራም ካርዱ የለም! እንግዲህ እንቅልፍ ምን አድርጎ? ቡና እስኪፈላ ግሎ ሪስታርት ሲደረግ መጣ። ያን ጊዜ ሰውየው አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ኮምቦልቻ ሲያድር እንዲህ ሆኖበት አያውቅም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የጦሳ ግርጌ ሌሊት ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ኮምቦልቻ ደግሞ ሐረጎን ወርደሽ ቆላ ቢጤ ነው።

የታችኛውን ክዳን ፈታሁት። ዋይፋይ ካርዷ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናት፤ በአንድ ጫፏ ሶኬት ውስጥ ትገባለች፤ በሌላው ጫፏ አንዲት ብሎን ትይዛታለች። ብሎኗ የለችም። ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ጥሏት መሰለኝ፣ በስኮች አጣብቋታል። ስኮቹ ደርቆ ለቋል፤ ካርዷም ጫፏን ሽቅብ አንስታለች። ሲበርድ ብረቱና ፕላስቲኩ ሲሸማቀቁ ግንኙነቱ ይለቃል፤ ሲሞቅ ይነካል። ጫፏን በአልኮል ጠረግኩት፣ ከአሮጌ ማሽን አንዲት ብሎን ፈትቼ አሠርኳት። ቢጠየቅ ኖሮ እንቅልፉ ምስክር ነበር እንጂ ወንጀለኛ አልነበረም።

ስለዚህ አንቺም አንድ ሌሊት ሺፍት ይዘሽ አጥፍተሽ አሳድሪውና ጠዋት ተመልከቺ። ሌላ ቀን ደግሞ ጠዋት ከፍተሽ ሳታስተኚው እስከ ማታ አውዪው። በሁለቱም ካልጠፋና ከእንቅልፍ በኋላ ብቻ ከጠፋ ካርዱ ንጹሕ ነው።

የመጨረሻ ዳኛ የምትፈልጊ ከሆነ ኡቡንቱ የሚባለው፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሌላ ሲስተም የተጫነበት ፍላሽ ፈልጊ፤ 8 ጊጋባይት ይበቃል። ማሽኑን ከፍላሹ አስነሺውና ሳትጭኚ «ሞክር» የሚለውን ምረጪ፤ ዲስክሽ አይነካም። እዚያ ላይ አስተኝተሽ አንቂው። ኡቡንቱ ላይ ዋይፋዩም ታችፓዱም ደኅና ከነቁ ሃርድዌሩ በነፃ ተሰናበተ፤ የዊንዶውሱን ድራይቨር ብቻ ነው የምትከታተዪው። ሁለቱም ላይ ከጠፉ ባዮሱና ዕቃው ይቀራሉ። ለጠጋኝ ከመክፈልሽ በፊት ይህን ውጤት ይዘሽ ሂጂ፤ አነጋገሩ ይለወጣል።

ኮፒ ቤት ስለሆንሽ ሳትጠይቂኝ አንድ ልጨምር። ፕሪንተሩም ከእንቅልፍ በኋላ ኦፍላይን ካለሽ ገመዱን ከዩኤስቢ ማከፋፈያው አውጥተሽ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው። ተራ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፤ ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900። የራሱ መብራት የሌለው ማከፋፈያ ያችኑ ለስካነሩም ለፍላሹም ለማውሱም ይከፋፍላል፤ ሁሉም እኩል ሲነቁ አትበቃም። ፕሪንተሩን ሁልጊዜ በአንድ ቀዳዳ ሰኪው፤ ቀዳዳ ስትቀያይሪ ዊንዶውስ ሌላ ፕሪንተር መስሎት ኮፒ 1 የሚል ስም ይጨምርበታል። ሥራሽም ወደ አሮጌው ስም ይሄድና ደንበኛ እያየሽ ወረቀት አይወጣም።

ይህን ሁሉ ለመሞከር ጊዜ እስክታገኚ ክዳኑ ሲዘጋ ስሊፕ የሚለውን ሃይበርኔት ወደሚለው ቀይሪው፤ እዚያው ፋስት ስታርትአፕን ያነሳሽበት ገጽ ላይ ነው። ሃይበርኔት ከምርጫው ውስጥ ከሌለ ቅድም በከፈትሽው ጥቁር መስኮት፣ በአስተዳዳሪ መብት ከፍተሽ፣ ያችኑ ትእዛዝ ጻፊና በስላሽ ኤ ፋንታ ስላሽ፣ ሃይበርኔት፣ ክፍት ቦታ፣ ኦን በዪ። ሥራሽን ዲስክ ላይ ጽፎ ጭራሹን ይጠፋል፤ ለመነሳት ጥቂት ሰከንድ ይጨምራል፤ ዕቃዎቹ ግን ከመጀመሪያው ስለሚነሱ ብዙ ጊዜ ሳይጠፉ ይመጣሉ። መብራት ቢሄድም የጻፍሽው አይጠፋም።